የግቢ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ከቤት ውጭ፣ በግቢ ውስጥ ስለተተከለ የውሃ ቧንቧ የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ የተዘጋጁት በዋናነት በአዲስ አበባና ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሌሎች ከተሞች ያለውን ሁኔታ ታሳቢ በማድረግ ነው፤ ውሃ እየመጣ በሚሄድበት መስመር ላይ ያለ ቧንቧ የሚበላሽበትም ሆነ የሚጠገንበት መንገድ ውሃ ሳይቋረጥበት ከሚኖር ቧንቧ በመጠኑ ይለያልና። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የሚያንጠባጥብ የግቢ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አንዲት ትንሽ ጎሚኒ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) መሆኑ ነው። ቧንቧውን ለዘለቄታው የሚገድለው ጠብታውን ለማቆም ሲባል እጀታውን በጉልበት ማጥበቅ ነው።

ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ያን ያህል ያሳስባል?

ያሳስባል። አንድ ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ያህል ነው ብለን ብናሰላ፣ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በ24 ሰዓት ውስጥ 86,400 ጠብታ፣ ማለትም ከ21 ሊትር በላይ ያፈሳል። ይህም በየቀኑ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው፤ በዓመት ሲሰላ ደግሞ ወደ 8 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ፈረቃው እስኪደርስ ድረስ ጀሪካን ደርድሮ ሌሊቱን የሚጠብቅ ቤተሰብ ባለበት ከተማ ይህን ያህል ውሃ በከንቱ እንዲሄድ መተው አይገባም። በአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ በእርከን የተከፈለ በመሆኑም፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ አብሮ ይጨምራል፤ በጠብታ የባከነው ውሃ የቤቱን ፍጆታ ወደሚቀጥለው እርከን ሊያሻግረው ይችላል።

የራስዎን ቧንቧ ለመለካት ከሥሩ ኩባያ ያስቀምጡና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። የተጠራቀመውን በሚሊ ሊትር ለክተው በ144 ሲያባዙት የአንድ ቀኑን ኪሳራ ያገኛሉ። ኩባያው 50 ሚሊ ሊትር ከያዘ፣ በቀን ከ7 ሊትር በላይ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በፈረቃ ሰፈር ይህ ሒሳብ የሚሠራው መስመሩ ውሃ ባለው ሰዓት ብቻ ነው፤ ቧንቧው ከሮቶ ጋር የተገናኘ ከሆነ ግን ጠብታው ሮቶው ባዶ እስኪሆን ድረስ አይቆምም።

ውሃው በትክክል ከየት እንደሚወጣ እንዴት አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ መፍቻ ማንሣት አይገባም፤ ብዙ ጥሩ ቧንቧ ያለ ጥፋቱ የሚጣለው ይህ ስለሚዘለል ነው። ቧንቧውን ይዝጉና ከአፉ እስከ ግድግዳው ወይም እስከ ቆመበት ቱቦ ድረስ በደረቅ ጨርቅ አንድም እርጥበት ሳያስቀሩ ይጥረጉት። ከዚያ ቁራጭ ሶፍት ወስደው አንድ በአንድ ያስጠጉ፦ መጀመሪያ ከእጀታው ሥር፣ ቀጥሎ ቧንቧው ወደ ቱቦው ከሚገባበት ጥርስ (ብሎን መሰል ጠመዝማዛ) ላይ፣ ከዚያም ቱቦው ከሲሚንቶው ወይም ከአፈሩ በሚወጣበት ቦታ። ሶፍት ዓይን ያላየውን ቀጭን እርጥበት ወዲያውኑ ያሳያል።

ቧንቧው ተዘግቶ እያለ ውሃው ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ችግሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ወይም ጎሚኒው የሚያርፍበት መቀመጫ ነው። ሲዘጋ ደርቆ፣ ሲከፈት ብቻ ከእጀታው ሥር ወለል የሚል ከሆነ የዘንጉ ማሸጊያ አልቋል። ተዘግቶም ተከፍቶም ከመጋጠሚያው ጥርስ የሚያረጥብ ከሆነ በጥርሱ ላይ የተጠመጠመው ስስ ጥብጣብ (ቴፍሎን) ወይም ቃጫ (ካቻ) ተበልቷል፤ ቧንቧው ራሱ ግን ምንም ላይሆን ይችላል። እርጥበቱ ከመሬት የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የቱቦ ነው። ከላይ የሚወርድ ውሃ ቱቦውን ተከትሎ ታች ድረስ ስለሚሄድ፣ እግሩ ሥር ያለው ጭቃ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

እጀታውን ባጠበቅሁት ቁጥር ጠብታው ለምን ይብሳል?

በአብዛኛው ግቢ የሚገኘው፣ እጀታው ብዙ ዙር የሚዞረው ቧንቧ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። እጀታው ሲዞር በውስጡ ያለው ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ክብ ጎሚኒ ከናስ በተሠራው መቀመጫ አፍ ላይ ተቀምጣ የውሃውን መንገድ ትዘጋለች። ጎሚኒዋ ለስላሳ ሳለች ለመዝጋት ሁለት ጣት ይበቃል። ዕድሜዋ ሲገፋ ትደርቃለች፣ በመሃሏም የመቀመጫው ክብ ጠርዝ ጎድጓዳ ምልክት ይተውባታል። ያን ጊዜ ሰው ጠብታውን ለማቆም እጀታውን ይበልጥ ያጠብቃል፤ ጎሚኒዋም ይበልጥ ትቆረጣለች።

ጎሚኒዋ ጨርሳ ስታልቅ በዘንጉ ጫፍ ያለው ብረት በቀጥታ መቀመጫውን መፋቅ ይጀምራል። መቀመጫው አንዴ ከተጫረ በኋላ፣ በጭረቱ ውስጥ በግፊት የሚያልፈው ውሃ ራሱ መንገዱን እያሰፋ ስለሚሄድ አዲስ ጎሚኒም አይመልሰውም። በጥቂት ብር ሊያልቅ የነበረ ጉዳይ ሙሉ ቧንቧ የመቀየር ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በሁለት ጣት መዘጋቱን ያቆመ ቧንቧ ጥገና የሚያስፈልገው ቧንቧ መሆኑን፣ በግቢው ያሉ ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ቢያውቁ መልካም ነው።

ከመጀመሬ በፊት ውሃውን የት ልዝጋ?

ከቆጣሪው ቀጥሎ በራስዎ በኩል ባለው ጌት ቫልቭ ላይ ይዝጉ። ቤቱ ሮቶ ካለው ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ቆጣሪው ተዘግቶም ከላይ ያለው ሮቶ በራሱ ክብደት ውሃ ወደ ግቢው ቧንቧ ሊልክ ስለሚችል፣ ከሮቶው ሥር ያለውንም መዝጊያ አብረው ይዝጉ። ቀጥሎም የሚጠገነውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ይክፈቱና በመስመሩ የቀረው ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ከደቂቃዎች በኋላም ውሃው ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ከሁለቱ መዝጊያዎች አንዱ አልያዘም ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ቧንቧውን መፍታት ግቢውን ማጥለቅለቅ ይሆናል።

ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ጌት ቫልቭ ዝጎ ሊደርቅ ይችላል። በትልቅ መፍቻ ከማስገደድ ይልቅ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ጥቂት ወደ ፊት እያደረጉ ቀስ በቀስ ማላላት ይሻላል፤ ዘንጉ ከተሰበረ መስመሩን መዝጊያ የሚያሳጣ ሌላ ችግር ይመጣል። ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመርና የቆጣሪውን ማኅተም መንካት ግን የደንበኛው ሥራ አይደለም።

አንዳንዶች ጥገናውን ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ያቆዩታል። ሥራውን እንደሚያቀለው እሙን ነው፤ ይሁን እንጂ የተጠገነው ነገር መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ውሃው ሲመለስ ነው፣ ውሃው የሚመለሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መስመሩ ደረቅ ቢሆንም መዝጊያዎቹን ዘግቶ መሥራትና ውሃ እስኪመጣ ድረስም ዘግቶ ማቆየት ይገባል።

ጎሚኒውን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ይችላሉ። የሚያስፈልገው የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አዲስ ጎሚኒ ነው። የግቢ ቧንቧ በአብዛኛው ባለ ግማሽ ኢንች ነው፤ ባለ ሦስት ሩብ ኢንችም ስላለ ግን አሮጌዋን ጎሚኒ አውጥቶ ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ይዞ መሄድ ከግምት ያድናል። ሁለት ሦስት ትርፍ መግዛትም ብልህነት ነው።

ውሃው ከተዘጋ በኋላ እጀታውን ወደ መክፈቻው አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ አዙረው ይተዉት። ይህ ቀላል የሚመስል እርምጃ ሥራውን ይወስነዋል፤ ቧንቧው እንደተዘጋ ዳዶውን ለመፍታት ከተሞከረ ጎሚኒዋ መቀመጫው ላይ እንደተጫነች ስለምትዞር ሁለቱም ይጎዳሉ። ከዚያ ከእጀታው ሥር ያለውን ትልቁን ዳዶ በመፍቻ ይያዙ፤ በሌላ እጅዎ ወይም በሁለተኛ መፍቻ የቧንቧውን አካል ደግፈው ዳዶውን ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ያዙሩት። አካሉ ካልተደገፈ የሚዞረው ቧንቧው በሙሉ ይሆንና ግድግዳ ውስጥ ያለው ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) ይላላል።

ዳዶው ሲፈታ ዘንጉ ከነእጀታው ተስቦ ይወጣል። በጫፉ ላይ ጎሚኒዋን ያያሉ፤ በትንሽ ዳዶ ወይም በብሎን ተይዛ ይሆናል፣ አለዚያም እንዲሁ ተሰክታ ትገኛለች። ያረጀች ጎሚኒ በጥፍር ሲጫኗት አትመለስም፤ ጠርዟ ተሰነጣጥቋል፣ መሃሏም ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ቦይ ተቆፍሯል። እርሷን አውጥተው በቦታዋ አዲሷን ከማስገባትዎ በፊት ጣትዎን ወደ ቧንቧው ውስጥ ሰደው የመቀመጫውን ጠርዝ ዙሪያውን ይዳስሱ። ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው። አሸዋ ወይም የዝገት ፍርፋሪ ካገኙ በእርጥብ ጨርቅ ያውጡት፤ በፈረቃ መስመር ላይ ይህ ፍርፋሪ ሁልጊዜ ይገኛል፣ ለአዲሷ ጎሚኒም የመጀመሪያ ጠላቷ እርሱ ነው። ሲመልሱም እጀታው በክፍት አቅጣጫ እንዳለ ዳዶውን በእጅ አስጀምረው በመፍቻ በልኩ ያጥብቁት።

ዋናውን መዝጊያ በአንድ ጊዜ አይክፈቱት። የግቢውን ቧንቧ ክፍት አድርገው መዝጊያውን ቀስ ብለው ሲከፍቱ አየሩና የቆሸሸው ውሃ ይወጣል፤ ውሃው ከጠራ በኋላ ቧንቧውን በሁለት ጣት ይዝጉትና እንደገና በሶፍት ይፈትሹት።

አዲስ ጎሚኒ ገብቶለትም ያንጠባጥባል። ምን ቀረ?

የመጀመሪያው ጥርጣሬ መቀመጫው ላይ መሆን አለበት። ጣት ሲዳስሰው የሚሻክር ወይም የጎደለ ቦታ ካለ፣ መቀመጫውን መልሶ የሚያስተካክል ትንሽ መፋቂያ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ። በእኔ ግምት ግን ለተራ የግቢ ቧንቧ መቀመጫ ከማስፋቅ አዲስ መግዛቱ ይቀላል፤ ማስፋቁ የሚያዋጣው ቧንቧው ከባድና ጥሩ ናስ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጎሚኒዋ ከልኩ ማነሷ ወይም መወፈሯ ነው። ሦስተኛውና በጣም የተለመደው ደግሞ ከጥገናው በኋላ ውሃ ሲለቀቅ የመጣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት በጎሚኒዋና በመቀመጫው መካከል መቀርቀሩ ነው፤ ስለዚህ ዳግም ከመፍታት በፊት ቧንቧውን ሁለት ሦስት ጊዜ በሰፊው ከፍቶ ማጠብን ይሞክሩ።

ውሃው የሚወጣው ከአፉ ሳይሆን ከእጀታው ሥር ነው።

በዘንጉ ዙሪያ የተጠቀጠቀው ማሸጊያ ሳስቷል። አንዳንዱ ቧንቧ ከእጀታው ሥር ዘንጉን የሚያቅፍ ትንሽ ዳዶ አለው፤ እርሱን ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ውሃውን ዘግተው ዳዶውን ይፍቱና በዘንጉ ዙሪያ በገመድ መልክ የተጠማዘዘ ቴፍሎን ጠምጥመው መልሰው ይጠረቅሙት። እጀታው ለማዞር እስኪከብድ ድረስ አይጥበቅ።

እጀታው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረውስ?

ያኛው በውስጡ ቀዳዳ ያለው ኳስ አለ፤ ጎሚኒ የሚቀየርለት ዓይነት አይደለም። ኳሱ በአሸዋ ከተጫረ ወይም ዙሪያውን የያዘው ፕላስቲክ ካለቀ ቧንቧውን መቀየር ነው። በበጎ ጎኑ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ስለሚዘጋና መዘጋቱ ከሩቅ ስለሚታይ ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ግቢ ይመቻል። እጀታው በቱቦው አቅጣጫ ሲሆን ክፍት፣ ቱቦውን በመስቀለኛ ሲያቋርጥ ዝግ ነው።

አዲስ ቧንቧ ስገዛና ስገጥም ምን ልጠንቀቅ?

በመጀመሪያ ክብደቱን በእጅዎ ይመዝኑ። ከውጭ የሚያብረቀርቁ፣ ሲያዙ ግን ቀላል የሆኑ ቧንቧዎች ብዙዎቹ ከደካማ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ጥርሳቸው ሲጠብቅ ይፈረከሳል። ከተቻለ በማይታይ ጥግ፣ ለምሳሌ በጥርሱ ጫፍ፣ ቀለሙ ሲፋቅ ከሥሩ ቢጫ ናስ መታየት አለበት። ነጭ ሆኖ ከታየ ሌላ ይመልከቱ። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት የሆነውን ብቻ ስለሆነ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። የአፉ ጫፍ የውሃ ጎማ የሚሰካበት ዓይነት መሆኑን፣ እንዲሁም ጀሪካን ከሥሩ ለማስገባት የሚያስችል ከፍታ እንደሚኖረው አስቀድመው ያስቡ።

አሮጌው ቧንቧ ሲፈታ፣ የተገጠመበት ጎሚቶ ወይም ቱቦ በሌላ መፍቻ ተይዞ መሆን አለበት። ያረጀ የብረት ቱቦ ያለ ድጋፍ ከተጠመዘዘ ግድግዳ ውስጥ ይሰበራልና። ከዚያ በቀረው ጥርስ ውስጥ ያለውን አሮጌ ካቻና ቴፍሎን በብሩሽ ያጽዱ።

ቴፍሎኑ የሚጠመጠመው በአዲሱ ቧንቧ ጥርስ ላይ ነው። የጥርሱን ጫፍ ወደ ራስዎ አዙረው ይያዙና በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ወጠር አድርገው፣ ከጫፉ ጀምረው ወደ ኋላ ይጠምጥሙ። በተቃራኒ የተጠመጠመ ቴፍሎን ቧንቧው ሲገባ ተሸብሽቦ ይወጣል። ገበያ ላይ ያለው ቴፍሎን ብዙውን ጊዜ ስስ ስለሆነ አሥር ዙር ያህል ያስፈልገዋል፤ ወፍራም ከሆነ ግማሹ ይበቃል። በብረት ጥርስ ላይ ካቻ በቀለም ቀብተው የሚያስሩ የቆዩ ባለሙያዎች ሥራ ዛሬም አስተማማኝ ነው። ጥርሱ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ካቻ አይጠቀሙ፤ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ መጋጠሚያውን ይሰነጥቀዋል።

ከሁሉ የሚያታግለው የመጨረሻው ዙር ነው። ቧንቧው ጠብቆ ሲቆም አፉ ወደ ታች ካልተመለከተ ብዙ ሰው ጥቂት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ የተጠቀጠቀው ቴፍሎን ይላላና በማግስቱ ከጥርሱ ውሃ ይወጣል። የጠበቀ ጥርስ ወደ ኋላ አይመለስም። አንድ ሙሉ ዙር ለመጨመር የሚከብድ ከሆነ ፈትቶ ቴፍሎኑን ከጥርሱ ላይ ማንሣት፣ አዲስ ጠምጥሞ ከዙሩ ጥቂት መቀነስ ወይም መጨመርና እንደገና መግጠም ነው። ትዕግሥት የሚፈልግ ነው፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ የለውም።

በላስቲክ ወይም በመኪና ከመነዳሪ ማሰር ይይዛል?

ለአንድ ሌሊት ሊይዝ ይችላል። ቀጥ ባለ ቱቦ ላይ ያለ ቀዳዳ ከሆነ፣ ከከመነዳሪ በረጅሙ የተቆረጠ ቁራጭ ቱቦውን ደርቦ ደርቦ ከተጠመጠመበትና በሽቦ ከታሰረ ጊዜ ይሰጣል። በመጋጠሚያ ጥርስ ላይ ወይም በቧንቧው አፍ ላይ ግን ምንም አይፈይድም። ከሥሩ እየዛገ ስለሚቀጥልም፣ ታስሮ የተረሳ ቱቦ አንድ ቀን ውሃው በጉልበት ሲመጣ ጨርሶ ይበጠሳል።

ቧንቧው የቆመበት ቱቦ ይነቃነቃል፤ እግሩም ሥር መሬቱ አይደርቅም።

ግቢ መሃል ብቻውን የቆመ ቱቦ የሚሰበረው በውሃው ግፊት ሳይሆን በሰው እጅ ነው። ሞልቶ 20 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን አፉ ላይ ይንጠለጠልበታል፣ ልጆች ይደገፉበታል፣ የውሃ ጎማ ከሩቅ ይጎተትበታል። ቱቦው በተወዛወዘ ቁጥር ከመሬት በታች ያለው መጋጠሚያ ይላላል። መፍትሔው ቱቦውን ከጎኑ በተተከለ የብረት ወይም የሲሚንቶ ምሰሶ ላይ በሁለት ቦታ በክላምፕ ማሰር፣ ከሥሩም ጀሪካን የሚቀመጥበት ደረጃ መሥራት ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ ፀሐይ ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው መሸፈን ይኖርበታል። የብረት ቱቦ ደግሞ ቶሎ የሚበላው አፈርና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ ዝገቱን እዚያ ይፈልጉት።

ከመሬት በታች ፍሳሽ መኖሩን ቆጣሪው ይነግርዎታል። በቤትና በግቢ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው፣ ሮቶው እየሞላ አለመሆኑን አረጋግጠው፣ የቆጣሪውን መስተዋት ይመልከቱ። በላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪ የምትዞር ከሆነ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ተሽከርካሪዋ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰችና መሬቱ ግን እርጥብ ከሆነ፣ ፍሳሹ ከቆጣሪው በፊት ወይም ከጎረቤት መስመር ሊሆን ይችላል። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ማስጠገን የደንበኛው ነው፤ ከቆጣሪው በፊት ያለውን ወይም በመንገድ ላይ የፈነዳውን ግን በአዲስ አበባ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ906 ነፃ የስልክ መስመር ማሳወቅ ይቻላል። ሲደውሉ የሰፈሩን ልዩ ምልክትና የደንበኛ ቁጥርዎን ቢያዘጋጁ ጊዜ ይቆጥባል።

ውሃ በሌለ ጊዜ ቧንቧው ክፍት ቢቀር ምን ችግር አለው?

የዚህ ጥፋት ዋጋ ከማንኛውም ጠብታ ይበልጣል። ውሃ መኖሩን ለማየት ቧንቧውን ከፍቶ፣ ሳይዘጋ መሄድ የተለመደ ነው፤ ሌሊት ውሃው ሲመጣ እስኪነጋ ይፈሳል። ውሃው መምጣቱን በድምፅ ለማወቅ ከፈለጉ ቧንቧውን በጥቂቱ ብቻ ከፍተው ከሥሩ ባዶ ባልዲ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ይህንም የሚያደርጉት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ካለ ብቻ ይሁን። ከረጅም መቋረጥ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ አየር፣ አሸዋና ዝገት ስለሚይዝ፣ እርሱን በግቢው ቧንቧ በኩል በባልዲ ተቀብሎ ለጽዳት ማዋል የቤት ውስጡን ቧንቧዎችና ሻወሩን ከፍርፋሪ ያድናል።

ተከራዮች በጋራ የምንጠቀምበት ቧንቧ ነው። ማን ያስጠግነው?

በውላችሁ የተጻፈ ነገር ካለ እርሱ ይመራችኋል፤ አብዛኛው የቤት ኪራይ ውል ግን ስለ ግቢ ቧንቧ አንድ ቃል አይልም። በዕድሜ ብዛት ያለቀን ቧንቧ ወይም ቱቦ ባለቤቱ ቢቀይር፣ ጎሚኒና ቴፍሎን የመሰለውን ጥቃቅን ነገር ተጠቃሚዎች በጋራ ቢሸፍኑ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ወሳኙ ግን ጠብታው በታየ ዕለት ለባለቤቱ መንገር ነው። የውሃ ሒሳብ በነፍስ ወከፍ በሚከፈልበት ግቢ ማንም ያልተጠቀመበት ውሃ በሁሉም ላይ ይካፈላል፤ ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ማን አፈሰሰው በሚል የሚነሣው ቅሬታም ጎረቤትን ያቃቅራል።

በቧንቧው ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ለጤና ያሰጋል?

በቆላና በወይና ደጋ ከተሞች በእርግጥ ያሰጋል። የወባ ትንኝ ዝርያ የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በኢትዮጵያ መኖሯ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚለያት በከተማ ውስጥ በሮቶ፣ በበርሜልና በመሰል የውሃ ማጠራቀሚያዎች መራባቷ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ ጠብታ ለመቀበል የተቀመጠ ባልዲ ለቀናት ሳይነካ መቆየት የለበትም። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ተደፍቶ ግድግዳው ይታሸት፤ ለረጅም ጊዜ የሚጠራቀም ውሃ ካለም ክዳኑ የገጠመ ይሁን። ከቧንቧው ሥር ጠጠር ማልበስና ወደ አትክልት ወይም ወደ ፍሳሽ መውረጃ የሚያደርስ ቦይ ማውጣት ኩሬውን ያስቀራል።

የምንኖረው ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ነው። የውጭው ቧንቧ ከብርዱ በኋላ መፍሰስ ጀመረ።

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ቱቦውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ የሚታወቀው ግን በረዶው ሲቀልጥና ቧንቧው ሲከፈት ነው። ለብርድ የተሠሩት ረጅም ዘንግ ያላቸው ቧንቧዎች ውሃውን የሚዘጉት ከግድግዳው በስተኋላ፣ በሞቀው ክፍል በኩል ነው፤ ሲዘጉ የቀረው ውሃ በአፋቸው ይወርዳል። የአትክልት ማጠጫው ጎማ እንደተሰካ ከቀረ ግን ያ ውሃ መውጫ ያጣና ይህም ዓይነት ቧንቧ ይሰነጠቃል። ብርዱ ሳይገባ ጎማውን ይንቀሉ፣ ለውጭው መስመር በቤቱ ውስጥ የተለየ መዝጊያ ካለ እርሱን ዘግተው የውጭውን ቧንቧ ክፍት ይተዉት። በጸደይ መጀመሪያ ሲከፍቱት አንድ ሰው በቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲህ በኩል፣ ውሃ አለመምጣቱን እንዲመለከት ያድርጉ።

ባለሙያ መጥራት ያለብኝ መቼ ነው?

ዋናው መዝጊያ የማይዘጋ ከሆነ፣ ቱቦው ግድግዳ ወይም ሲሚንቶ ውስጥ ተሰብሮ ከሆነ፣ ወይም የፕላስቲኩ ቱቦ በማሞቂያ መሣሪያ መበየድ የሚያስፈልገው ከሆነ ራስዎ አይሞክሩት። ቧንቧ ሠራተኛው ከመጀመሩ በፊት ውሃው ከየት እንደሚወጣ በሶፍት ፈትሸው ያገኙትን ያሳዩት፣ የዕቃውንና የእጁን ዋጋም ለየብቻ ይስማሙ። ዕቃውን አብራችሁ ብትገዙ ጥሩ ነው። ሥራው ሲያልቅ መዝጊያው ተከፍቶ፣ ቧንቧው አንዴ ተከፍቶ አንዴ ተዘግቶ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ደረቅ መሆኑ በፊትዎ ሳይረጋገጥ ክፍያውን አይጨርሱ፤ የተፈታውንም አሮጌ ቧንቧ ተቀብለው ያስቀምጡ፣ ዘንጉና ዳዶው ለሌላ ቀን መለዋወጫ ይሆናሉና።